ለአያት ድስት ደረጃ ይወጣለታል?
የፊሊፒኖች ምግብ፣ መጠጥና ልብስ ለእኛ ለስደተኞች ምን ይነግረናል

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የፊሊፒንስ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር «አዶቦ» ለተባለው የአገሪቱ ታዋቂ ወጥ ደረጃ ሊያወጣ መነሣቱን አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የውጭ ሰው ትክክለኛውን አዶቦ ከሌላው እንዲለይ ነው ተባለ። ሕዝቡ ግን አልወደደውም። ወረርሽኝ ሰው እየጨረሰ፣ ሥራ እየጠፋ ሳለ መንግሥት የአያቴን ድስት ሊለካ ተነሣ ወይ የሚል ቁጣና ሳቅ የተቀላቀለበት ተቃውሞ ከየአቅጣጫው ወረደበት። ሚኒስቴሩም ደረጃው ግዴታ እንዳልሆነ፣ ማንም በቤቱ እንደ ልማዱ ማብሰል እንደሚችል ለማስረዳት ተገደደ።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና «ደረጃ» የሚለው ቃል እንጀራዬ ነው። ብሎን ከየትም አገር ይምጣ ከዳዶው ጋር የሚገጥመው ደረጃ ስላለው ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀልድ ማለፍ አልሆነልኝም። ለመሆኑ ደረጃ የሚያስፈልገው የት ላይ ነው? የማያስፈልገውስ? የፊሊፒኖች ገበታና ልብስ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እኛን ሳይቀር ይነካል።

በመጀመሪያ አዶቦ ምንድን ነው? ሥጋ ወይም ዶሮ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ የሚበስልበት ወጥ ነው። ስሙ የስፓኝ ነው፤ ስፓኞች ከ1565 እስከ 1898 አገሪቱን ገዝተዋታልና። አበሳሰሉ ግን ከእነሱ በፊት የነበረ ነው። ሙቀት በበዛበት አገር ማቀዝቀዣ ሳይኖር ሥጋ እንዳይበላሽ ኮምጣጤ ፍቱን መድኃኒት ነበር። በ1613 የታተመ አንድ የታጋሎግ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይህን አበሳሰል «የአገሬው ሰው አዶቦ» በሚል ስም መዝግቦታል። ነገሩ የአገሬው፣ ስሙ የባዕድ ሆነ ማለት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ እኛም በወጥ ቤታችን ኮምጣጤውን «አቼቶ» ብለን የምንጠራው ከጣሊያን በወረስነው ቃል ነው።

የአኩሪ አተር ሶሱ ደግሞ ከቻይና ነጋዴዎች ጋር የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ያለሱ አዶቦ የለም ይላል። ነገር ግን ሶሱ የማይገባበት ነጭ አዶቦ አለ፤ በእርድ ቢጫ የሚሆን አለ፤ የኮኮናት ወተት የሚጨመርበትም አለ። ከሰባት ሺህ በላይ ደሴቶች ባሉበት አገር የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ቢሆን ምን ይገርማል? ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጦ «ትክክለኛው ይህ ነው» ማለት የቀሩትን ሐሰተኛ ማድረግ ነው። የሕዝቡም ቁጣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለው ወግ ራሱን በራሱ መጠበቅ ያውቅበታል። የእኛ ዶሮ ወጥ 12 ብልት እንዳለው የደነገገ ሚኒስቴር የለም። ሆኖም አንዲት ሙሽራ 11 አድርጋ ብታቀርብ አማቷ ሳትቆጥር አትቀርም። ይህ ደረጃ አይደለም እንዴ? ነው፤ ነገር ግን የወጣውም የሚጠበቀውም በበላተኛው ነው።

የመንግሥት እጅ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ወደ መጠጡ እንምጣ። ፊሊፒኖች የኮኮናት ዛፍ አበባ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ አብላልተው «ቱባ» ይጠጡታል። ቱባው ሲወጣ ደግሞ እንደ እኛ አረቄ ያለ ኃይለኛ መጠጥ ይሆናል፤ «ላምባኖግ» ይሉታል። የበዓልና የሠርግ መጠጥ ነው፤ በየመንደሩ ይወጣል። በታኅሣሥ 2019፣ የገና ሰሞን፣ ከማኒላ በስተ ደቡብ ባሉት ላጉናና ኬሶን በተባሉ አውራጃዎች ላምባኖግ የጠጡ ቢያንስ 11 ሰዎች ሞቱ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑ ሕክምና አስፈለጋቸው። ምክንያቱ ሜታኖል ነበር። ሜታኖል በመልኩም ሆነ በሽታው ከሚጠጣው አልኮል አይለይም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እዚህ ላይ የአያት ምላስ አይበቃም። መለኪያ መሣሪያ፣ ተቆጣጣሪና ሕግ ያስፈልጋል። አዶቦው ላይ ያለ ቦታው የገባው ደረጃ ላምባኖጉ ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ልብሱም የራሱ ታሪክ አለው። «ባሮንግ» የሚባለው ወንዶች ከሱሪ በላይ ለቀው የሚለብሱት፣ በጥልፍ ያጌጠ ስስ ሸሚዝ ነው። ምርጡ የሚሠራው ከአናናስ ቅጠል ክር ነው። ቅጠሉ ይፋቃል፣ ክሩ አንድ በአንድ ይቋጠራል፣ ከዚያ በእጅ ይሸመናል። አናናስ ራሱ ከአሜሪካ ምድር በስፓኞች በኩል የመጣ ተክል ነው፤ እንደገና የባዕድ ነገር በአገሬው እጅ ሌላ ነገር ሆነ። ፕሬዚዳንት ራሞን ማግሳይሳይ በ1953 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ሱፉን ትተው ባሮንግ ለበሱ። ማርቆስ ደግሞ በ1975 ብሔራዊ ልብስ ብለው አወጁት።

አዋጅ ግን ሸማኔ አያበላም። እዚህ ላይ የወደድኩት የ2004ቱን ሕግ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የደንብ ልብስ እንደ አናናስ፣ አባካና ሙዝ ካሉ የአገሪቱ ተክሎች ክር በተሠራ ጨርቅ እንዲሰፋ ያዛል። ሕጉ ሸማኔውን እንዲህ ሽመን አላለውም፤ ገበያ ግን ሊፈጥርለት ሞከረ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ዩኔስኮ ቦትስዋና ውስጥ ባደረገው ስብሰባ የአክላን አውራጃን የአናናስ ክር ሽመና በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። መዝገቡ ክብር ነው፤ ገዢ ካልተገኘ ግን የሸማኔዋ ልጅ ሽመናውን ትታ ወደ ዱባይ መሄዷ አይቀርም።

ስለ ተማረ ሰው ድርሻም አንድ ነገር ልበል፤ በውጭ ተምረን እዚያው ለቀረነው ሁሉ ይጠቅመናልና። ማሪያ ኦሮሳ ትባላለች። ሲያትል ሄዳ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ተማረች፤ በ1922 አገሯ ተመለሰች። ቲማቲም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ከሙዝ ካቻፕ ሠራች። ሩዝ ሲፈተግ ከሚወድቀው ልጣጭ በቫይታሚን እጥረት ለታመሙ ብስኩት ጋገረች። ኤሌክትሪክ የሌላት የገጠር እናት የምትጋግርበትን የሸክላ ምድጃ ቀየሰች። በጃፓን ወረራ ጊዜ ከአኩሪ አተር ያዘጋጀችው ገንቢ ዱቄት በድብቅ ለእስረኞች ይደርስ ነበር። በየካቲት 1945 ማኒላ ስትደበደብ በቦምብ ፍንጣሪ ሞተች። ይህች ሴት የአገሯን ምግብ አልደነገገችም፤ የጎደለውን ግን ሞላች። ዛሬ ጆሊቢ የተባለው የፊሊፒኖች ኩባንያ ከማኒላ እስከ ለንደን የሚሸጠው ጣፈጥ ያለ ፓስታ የሙዝ ካቻፕ ጣዕም ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፊሊፒኖች ምግብ በዓለም የታወቀው ከሁሉ በላይ በስደተኛው ነው። በ2024 በውጭ የሚሠሩ ፊሊፒኖች ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ አገራቸው ልከዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ በማኒላ ገበያ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ከሥጋ በለጠ። የዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ከ1960 ጀምሮ በሎስ ባኞስ ከተማ ቢኖርም አገሪቱ በቅርብ ዓመታት ሩዝ በገፍ ከሚያስገቡት ግንባር ቀደም ናት። ሽንኩርት በሌለበት የትኛው አዶቦ ትክክለኛ እንደሆነ መከራከር ምን ይረባል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ፊሊፒናዊቷና ኢትዮጵያዊቷ በአንድ ወጥ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሁለቱም የአሠሪያቸውን ምግብ ያበስላሉ፤ የራሳቸውን የሚያበስሉት ፈቃድ ሲገኝ ነው። በ2018 የአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ አስከሬን ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። የማኒላ መንግሥት ሠራተኛ መላክ አቆመ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ተፈራረሙ። አሠሪው ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና የጤና ዋስትና እንዲሰጥ፣ ፓስፖርቷና ስልኳም በእጇ እንዲቆዩ ተጻፈ። ወረቀት ብቻውን ግፍን አያቆምም፤ ፊሊፒኖችም ከዚያ ወዲህ ተበድለዋል። ቢሆንም የተበደለች ሴት «ተጥሷል» የምትለው የተጻፈ ነገር አላት። የእኛም መንግሥት በ2013 ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሥራ መሄድን አግዶ በ2018 አንሥቷል። እገዳው በቆየባቸው ዓመታት ብዙ እህቶቻችን ምንም ውል ሳይኖራቸው በየመን በረሃ አድርገው ሄዱ።

እንግዲህ ደረጃ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ምን ትበላለች? ምን ትለብሳለች? ፓስፖርቷን ማን ይይዛል? ይህ ሁሉ ሊለካ፣ ሊጻፍና ሊጠየቅበት የሚችል ነው። ስለ እንጀራችን ንጽህናና ስለ ሐበሻ ቀሚሳችን ጥልፍ በየማኅበሩ የምንከራከረውን ያህል ስለዚህ ውል ብንከራከር፣ በየኤምባሲውም ደጃፍ ብንጠይቅ፣ ቢያንስ ከፊሊፒናዊቷ ጎን የቆመችው የእኛ ልጅ ያንኑ ወረቀት በእጇ ትይዝ ነበር። ወጡንስ እሷው ታውቅበታለች።

ቸር ይግጠመን።