የጋን ውስጥ መብራት፦ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጨዋታና ስለ ሸክላ ሠሪዎቻችን

 

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ቡና እስኪፈላ አንብቧት።

ከምትጽፉልኝ መካከል የሸክላና የሴራሚክ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች አላችሁ። ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ "ሀሳብ ከየት ይመጣል?" ትላላችሁ። ስልካችሁ ላይ እግር ያወጣ ሲኒ፣ የምትስቅ ድመት፣ ዓሣ የመሰለ ማንቆርቆሪያ ታያላችሁ። ደስ ይላችኋል። ከዚያ ጭቃው ፊት ስትቀመጡ እጃችሁ ይተሳሰራል።

የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ የሀሳብ ድህነት የለብንም። ያጣነው በጭቃ ለሚጫወት ትልቅ ሰው የሚሰጥ ክብርና የሚከፈል ዋጋ ነው። ልጅ በጭቃ ሲጫወት አይተን እንስቃለን። ትልቅ ሰው ሲጫወትበት ግን ወይ እንንቃለን ወይ እንፈራለን። እስቲ ላስረዳ።

የቆቦን ሜዳ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ውሃ ጎሊናንና ሆርማትን ሞልቶ ሜዳው ላይ ይለቀቃል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባል። ውሃው ሲሸሽ ለስላሳ ደለል ይቀራል፤ ያ ደለል ደግሞ የልጆች ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ቁጭ ብሎ በሬ ይሠራል። ሻኛ ያወጣለታል፣ የቁልቋል እሾህ ቀንድ ይተክልለታል፣ ሁለቱን በእንጨት ስንጥር ይጠምዳቸዋል። ወደ ዞብል በኩል ያለው ልጅ ደግሞ ግመል ይጨምርበታል፤ የሚያየው ግመል ነዋ! ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ የሚያባርረው ልጅ ለወንጭፉ ጭቃ ያድበለብላል፤ ወፉ ቀረት ሲል ያንኑ ጭቃ ወፍ ያደርገዋል። ይህን ማንም አላስተማረውም። "ሀሳብ አጣሁ" ሲልም ሰምቼው አላውቅም።

ታዲያ ያ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው በሬው የት ይሄዳል?

አንዳንዱ ሰው "እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ነገር የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ሸክላ ለሥራ ነው" ይለኛል። አይደለም። አክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች ከወጡት ሸክላዎች መካከል አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ የተሠራ ገንቦዎች አሉ። የፀጉሩ አሠራር ሳይቀር በጭቃ ላይ ተለይቶ ይታያል። የራያ ሴቶችን የፀጉር አሠራር የምታውቁ እነዚያን ገንቦዎች ብታዩ ዘመድ ያገኛችሁ ነው የሚመስላችሁ። ከአክሱም ሸክላዎች ውስጥ ጠርዛቸው ላይ ወፍ የተቀመጠባቸው፣ ውስጣቸው የተጠመዱ በሬዎች የቆሙባቸው ሳህኖችም አሉ። አስቡት፤ ውሃ ስታፈሱበት በሬዎቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ይህንን የሠራችው ወይም የሠራው ሰው የሆነ ቀን ፈገግ እያለ ነበር የሠራው። ስለዚህ ጨዋታው ጥንትም ነበረ። ቆይቶ ነው ያፈነው።

ያፈነው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ስድብ። ሸክላ የሚሠራን ሰው "ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል" ብለን ስንት ዘመን ኖርን? ሸክላ ሠሪዋ የሠራችውን ድስት እንገዛለን፣ ወጣችንን እንሠራበታለን፣ በምጣዷ እንጀራ እንጋግራለን። ልጇን ግን ልጃችን እንዲያገባ አንፈልግም። ይህ ነውር መሆኑ ትናንት የታወቀ እንዳይመስላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከጓዳ አልወጣም።

ስድቡ ከጨዋታ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ። "ቡዳ" የምትባል ሴት ዓይን ያለው ነገር ሠርታ ገበያ ብታወጣ ምን እንደምትባል ገምቱ። ጀበና ስትሠራ ዕቃ ሠራች ይባላል። ሰው የመሰለ ነገር ስትሠራ ግን ሌላ ወሬ ይነሣል። ስለዚህ ዝም ብላ ጀበናዋን ትሠራለች። የሚጠረጠር ሰው መጫወት አይችልም።

ሁለተኛው ኪስ ነው። ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ያላያችሁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አፈሩ ከሩቅ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይገባበትና በእግርም በእጅም ይታሻል። የሚሽከረከር ማሽን የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴትየዋ ራሷ ናት ዕቃውን እየዞረች የምታቆመው። በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች፣ ጥላ ውስጥ ቀናት ታደርቀዋለች፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች።

እሳቱ ደግሞ አዛኝ አይደለም። ጭቃው ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው ጭቃው ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው። ጀበና ግድግዳው ስስ ስለሆነ እርጥበቱ በቀላሉ ይወጣል። የግመል ሆድ ግን ድፍን ከሆነ አለቀለት። ውስጡን ባዶ ማድረግ፣ የሆነ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ መተው፣ ቀጭኑን እግር ከወፍራሙ ገላ ጋር እኩል ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ነው፣ ኪሳራም ነው። አንድ ጨዋታ ለማውጣት ሦስት መሰበር አለበት። የሦስቱን መሰበር ማን ይከፍላል?

አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንዲት እናት ከጀበናዎቹ ኋላ ትንሽ ዶሮ ደብቀው አየሁ። ዶሮዋ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ታያለች፤ የሆነ ሰው የጠራት ነው የምትመስለው። "እማማ፣ ይቺስ ስንት ናት?" አልኳቸው።

"እሷ አትሸጥም ልጄ፤ ለልጅ ልጄ ነው። የተረፈች ጭቃ ናት" አሉኝ።

"ለምን ብዙ አይሠሩም?"

ሳቁብኝ። "ለዶሮ ማን ብር ይሰጠኛል? ብርህን ታወጣለህ ወይስ ፎቶ ታነሣለህ?"

ስለ ተነሣሽነት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ የእኚህን እናት ያህል የነገረኝ የለም። ሀሳቡ አላቸው። እጁም አላቸው። በእኛ አባባል የጋን ውስጥ መብራት ናቸው፤ ጋኑንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ ክዳኑን የገጠምንበት ግን እኛ ነን።

ክዳኑ ሲነሣ ምን እንደሚሆን የቅርብ ምሳሌ አለን። ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እንጀራቸው እንደ ሌላው ቦታ ድስትና ጀበና ነበር፤ ስድቡም እንደ ሌላው ቦታ ነበር። ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ግን ትናንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ። አንበሳ፣ ወፍ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ! አዎ፣ አልጋ ላይ። ሳቅ ያለበት፣ ድፍረት ያለበት ሥራ ነው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ታላላቅ ጉዞዎችና በሌላም ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ። ምስሎቹ ዛሬ ውጭ አገር ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሥር ተቀምጠዋል። እኛ "ቡዳ" ያልነውን እጅ ሌላው መስታወት ሠራለት።

"ያው የቱሪስት ገበያ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። ገዢው ሀሳቡን አልሰጣቸውም። ሰሎሞንን አልጋ ላይ ያስተኛው ቱሪስቱ አይደለም። ገዢው የሰጠው ጊዜ ነው፤ ሦስት ሲሰበር አራተኛውን ለመሞከር የሚያስችል ጊዜ። ችግሩ ገዢው ሩቅ አገር መሆኑ ነው። መንገድ ሲዘጋና ጎብኚ ሲቀር ጨዋታውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው እኛ መሆን አለብን።

ከአፍሪካም አንድ ልጨምር። ናይጄሪያ ውስጥ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያደገችው እንደ እኛ እናቶች በእጅ እየጠፈጠፉ፣ ሜዳ ላይ እየተኮሱ የውሃ ማሰሮ በሚሠሩ ሴቶች መካከል ነው። እሷ ግን ማሰሮዋ ላይ እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ እባብና ዓሣ ትቀርጽ ነበር። ማሰሮዎቿ አቡጃ በነበረው አሚር ቤት ተቀምጠው ሳለ ማይክል ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ አያቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. እሱ ያቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ዛሬ ምስሏ የናይጄሪያ 20 ናይራ ኖት ላይ አለ። ሸክላ ሠሪ ሴት፣ ከነማሰሮዋ፣ የአገር ብር ላይ! ልብ በሉ፤ የቀረጸችው እንሽላሊት ከሩቅ የመጣ አይደለም። ግቢዋ ውስጥ የሚሮጠው ነው።

እንግዲህ ለእናንተ ለጀማሪዎቹ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ለጥቂት ቀን አስቀምጡትና በዙሪያችሁ ያለውን እዩ። የአፋር ግመል ጨው ተሸክሞ ሲመጣ ያያችሁ ልጆች ናችሁ፤ ለምን ግመል የሆነ የጨው ማስቀመጫ አይኖረንም? ጨው ከሻኛው ላይ በጣት የሚቆነጠር። ግሪሳ ወፍ ያስለቀሳችሁ ልጆች፣ ግሪሳ የሆነ ፉጨት ሥሩ፤ ቢያንስ አንዴ እኛ እንንፋባት! ዞብልን የመሰለ የዕጣን ማጨሻ አስቡ፤ ጭሱ ከጫፉ ሲወጣ የክረምት ደመና ነው። የማሽላ ራስ የመሰለ የጀበና ውታፍ፣ በለስ የመሰለ የስኳር ዕቃ። ረከቦታችን ላይ ካለው ነገር እኮ ጀበናው ብቻ ነው የእኛ ጭቃ የቀረው፤ ፍንጃሉ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልመልስ። "ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ቆቦ ድረስ መጥቶ ስንቱን ያሳጣው ሕዝብ፣ ኑሮው ሰማይ የነካበት ሕዝብ፣ የሸክላ ግመል ምን ያደርግለታል?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። የጠፋውን ሰው ግመል አይመልሰውም። ግን ሸክላ ሠሪዋም እኮ የዚያው ሕዝብ አካል ናት፤ እንዲያውም ከድሃው ድሃዋ። ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራዋን ወሰደባት። የብረት ድስት ድስቷን ወሰደባት። መብራት የገባበት ቤት የሚገዛው ምጣድም ሌላ ሆነ። የቀራት ጀበናና ጥቂት ነገር ነው። ጀሪካን የማይወስድባት ገበያ አንድ ብቻ ነው፦ ፋብሪካ የማያስበው ነገር። አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ የምታይ ዶሮ ፋብሪካ አያስብም። ስለዚህ ጨዋታው ለእሷ ቅንጦት ሳይሆን እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ? ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? ጠጠሮቹን ልናገር።

ቡና ቤትና ሆቴል ያላችሁ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጀበና ስታዝዙ "አንዱን እንደ ፈለጉት ይሥሩልኝ" በሏት፤ ዋጋውንም ከፍ አድርጋችሁ፣ ቀብዱንም ቀድማችሁ ክፈሉ። ከተሰበረም የጋራ ይሁን።

አስተማሪ የሆናችሁ፣ የዕይታ ጥበብ ክፍለ ጊዜን ለሒሳብ ማካካሻ አታውሉት። ደለሉ ደጃችሁ ላይ ነው፣ በነፃ ነው። ደግሞም አንድ ቀን የሰፈሩን ሸክላ ሠሪ ጋብዛችሁ ፊት ለፊት አቁሟት፤ ተማሪ ሁሉ "እትዬ" እያለ ይጠይቃት። "ቡዳ" የሚለው ቃል ከልጅ አፍ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሸክላን በትምህርት ቤት የተማራችሁ ልጆች ደግሞ፣ ከእነዚህ እናቶች ስትማሩ የተማራችሁበትን ስም ጥሩ፣ ድርሻም ስጡ። ዲዛይኑን ወስዶ አዲስ አበባ ላይ በአሥር እጥፍ መሸጥ ፈጠራ አይባልም።

ፎቶ ብቻ የምናነሣው ደግሞ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ብራችንን እናውጣ።

እስቲ ቤታችሁ ያለ፣ ከጀበናና ከምጣድ ወጣ ያለ የሸክላ ሥራ ካለ ፎቶውን ከታች አስቀምጡልኝ። የሠራችውን ሴት ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟንም ጻፉ። ልጆቻችሁ የሠሩት የጭቃ በሬ ካለም አልጠላም፤ ቀንዱ ቢሰበርም ግድ የለም።

ቸር ያሰማን። ክረምቱንም የጥጋብ ያድርግልን።