ካርታ ከመሰጠቱ በፊት የሙከራ ቦይ ይቆፈር

በአክሱም ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬት ባዶ መሬት አይደለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ የጉዲት ሐውልቶች የሚገኙት በማሳ መካከል ነው፤ ንጉሥ ኢዛና በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ካስጻፋቸው ድንጋዮች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1981 ያገኙትም ገበሬዎች ናቸው።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በተከለለ ሥፍራም ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ከተከለለው ውጭ በሚገኝ ማሳ ላይ የመኖሪያ መንደር ሲታነጽ ግን፣ ከሥሩ ቅርስ መኖሩ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት ቁፋሮው ከነካው በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ሠሪው ገንዘቡን ከፍሏል፤ የተቋራጩ ማሽን ኪራይ ይቆጥራል። ያገኘውን የሚናገር ሥራው ይቆምበታል፤ አፈር መልሶ የሚሸፍን ግን ምንም አይጎድልበትም። እንዲህ ያለው ቅደም ተከተል የሚጎዳው ሐቀኛውን ነው።

በእንግሊዝ ከ1990 ወዲህ የሰፈነው አሠራር ይህን ገልብጦታል። ቅርስ ሊኖርበት ይችላል በሚባል የገጠር መሬት ላይ ቤቶች ለመሥራት የሚያመለክት አልሚ፣ መሬቱን በራሱ ወጪ ያስመረምራል። ኤክስካቫተር ጥርስ በሌለው ባልዲ፣ አርኪዮሎጂስት እየተቆጣጠረው፣ የላይኛውን አፈር በስሱ ይገፋል። በ5 ሄክታር ላይ 2 ሜትር የሚሰፉና 50 ሜትር የሚረዝሙ 15 ቦዮች ቢከፈቱ የሚነካው የመሬቱ 3 በመቶ ብቻ ነው። በቦዮቹ መካከል የሚያመልጥ መቃብር አይጠፋም። ይሁን እንጂ ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ መንገድን ፈቀቅ ማድረግ፣ ቤት ሊቆምበት የታሰበውን ሜዳ አድርጎ መተው ይቻላል።

በአገር ቤት የሚገነቡ የዲያስፖራ ቤት ሠሪ ማኅበራት አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባቸውም፤ ቦታ ከመረከባቸው በፊት የሙከራ ቁፋሮ ሪፖርት መጠየቅ ይችላሉ። ወጪውን ሲያሰሉም ቦዩ ሰብሉን ለሚያበላሽበት ገበሬ የሚከፈለውን ካሳ አይዘንጉ።

የሕግ አውጪዎች ረዳቶች የሚይዙት ጉዳይ ሌላ ነው። የዓለም ባንክ 8ኛው የአካባቢና ማኅበራዊ መስፈርት ባንኩ በሚደግፋቸው የኢንቨስትመንት ፕሮጀክቶች ቅርስን አስቀድሞ ማጤንን ይጠይቃል፤ በግል ገንዘብ የሚሠራን መንደር ግን አይመለከትም። ስለዚህ መንግሥቶቻቸው ለቅርስ የሚመድቡት ድጋፍ ለዐውደ ጥናትና ለኤግዚቢሽን ብቻ ከሚውል፣ የክልል ባህል ቢሮዎች አርኪዮሎጂስት የሚቀጥሩበትና ኤክስካቫተር ለጥቂት ቀናት የሚከራዩበት በጀት እንዲሆን ይጠይቁ።