የቢሮ ዋይፋይ ግዥ፦ ፍጥነት ወይስ የአየር ሰዓት?

ባለጉዳይ ለሚበዛበት መሥሪያ ቤት የዋይፋይ መሣሪያ ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ አስቀድሞ የሚጠይቀው በካርቶኑ ላይ የታተመውን ፍጥነት ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ለውሳኔ ግን አይበጅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው መሣሪያው የሚጠቀምባቸውን የሞገድ ክልሎች የንድፈ ሐሳብ ጣሪያ ድምር ሲሆን፣ አንድም ላፕቶፕ ብቻውን አያገኘውም።

በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች የሚያስተላልፉት በተራ ነው። ስለዚህ ሰው በበዛበት ቢሮ ቀድሞ የሚያልቀው ሀብት የአየር ሰዓት ነው። 1500 ባይት ወይም 12,000 ቢት የያዘ የመረጃ እሽግ በሰከንድ 300 ሜጋቢት ለሚልክ ላፕቶፕ 0.04 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ከኮሪደሩ ጫፍ በ6 ሜጋቢት የሚልክ ስልክ ግን ለዚያው እሽግ 2 ሚሊሰከንድ ይይዛል። በእያንዳንዱ ስርጭት ላይ የሚታከለው ቋሚ የመጠበቂያ ጊዜ ሳይታሰብ ልዩነቱ 50 እጥፍ ነው። በመስኮት ላይ የቆመ ባለጉዳይ የሚሰማው “ሲስተም የለም” የሚል መልስም ምንጩ ሁልጊዜ ሩቅ ያለው ሰርቨር ላይሆን ይችላል።

ጉልበታም አክሰስ ፖይንት መግዛት ችግሩን አይፈታም፤ ሲግናሉ ስልኩ ዘንድ ቢደርስም የስልኩ ደካማ ምላሽ ተመልሶ ላይደርስ ይችላልና። ኃይላቸው የተመጠነ በርከት ያሉ አክሰስ ፖይንቶችን ማከፋፈል ይሻላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ግን በተለመደው አመዳደብ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ በአንድ አዳራሽ የሚተከል አራተኛ መሣሪያ ከሌላው ጋር መሻማቱ አይቀርም። በ5 ጊጋኸርዝ ቻናሉ ይበዛል፤ የአርማታ ግድግዳ ግን ሞገዱን ያዳክመዋል። ይህ እንደ ጉድለት ብቻ መታየቱ ስሕተት ነው፤ ያው ግድግዳ ክፍሎቹን ስለሚለይ አንዱን ቻናል ራቅ ባለ ክፍል ደግሞ ለመጠቀም ያስችላል።

ዋይፋይ 6 አንድን ቻናል ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ማካፈል መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን የሠራተኛው ስልክና ላፕቶፕም ደረጃውን የሚደግፉ ከሆነ ነው።

ከቦታቸው የማይነሱ ኮምፒውተሮች ቀድመው በገመድ ቢገናኙ ብዙ የአየር ሰዓት ይተርፋል፤ ይህን ወጪ ከዋይፋይ በጀት ነጥሎ ማየት ተገቢ አይደለም። የጨረታ ሰነዱም በሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስንት መሣሪያ አብሮ እንደሚገናኝና ለእያንዳንዱ ቢያንስ ምን ያህል ፍጥነት መድረስ እንዳለበት ይደንግግ። ርክክቡ ሠራተኛው በሌለበት በቅዳሜ ከሰዓት ሳይሆን መስኮቶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ባሉበት በሰኞ ረፋድ ይፈተሽ፤ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይፈጸም።