ማድቢያ ከመሠራቱ በፊት ነፋሱ ይጠየቅ





እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የነፋስን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልሁ ሳስተምር አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። በደጋው አገራችን ነፋሱ በአብዛኛው በበጋ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፥ በክረምት ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እንደሚመጣ ተማሪዎቼ ለፈተና በቃላቸው ይዘውታል። እኔም ይኸው ዕውቀት የበቃኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ወር የደጋ አጋዘን ለማየት ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ሄድን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ እንዳይጠፋም ከሚያሰጉት አራዊት መካከል ተቈጥሯል። እይታው ያማረ፥ ለፎቶግራፍም የተመቸ ቦታ ከተረተሩ ላይ መርጬ ልጆቹን ገና ጎሕ ሲቀድ አስቀመጥኋቸው። ከበታቻችን በቍጥቋጦው መካከል አጋዘኖች ይግጡ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲቱ እንስት ቀና ብላ አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች፤ ወዲያውም መንጋው ተያይዞ ጠፋ። ከልጆቹ አንድም የተነቃነቀ፥ አንድም ቃል የተናገረ አልነበረም።

አብረውን የነበሩት የአገሩ ሽማግሌ ፈገግ ብለው በጨርቅ የተቋጠረ አመድ ከኪሳቸው አወጡና ጥቂቱን ለቀቁት። እኔ ወደ ምዕራብ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አመዱ ቍልቍል አጋዘኖቹ ወደ ነበሩበት ወረደ። «ልጄ፥ አይተውህ አይደለም፤ አሽትተውህ ነው» አሉኝ። በተማሪዎቼ ፊት አፈርሁ።

ምክንያቱ ግን ከማስተምረው መጽሐፍ ውጭ አልነበረም። ሌሊት የተራራው ገጽ ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው አየር ከብዶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ወጥታ ስታሞቀው ደግሞ ቀልሎ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ ከእንስሳው በታች፥ ከረፈደ በኋላ ከእንስሳው በላይ ማድባት ይገባል። የወራቱ ነፋስ ሲበረታ ይህንን ስለሚያሸንፈው ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል ያስፈልጋል። ወደ ማድቢያው የሚወስደውም መንገድ እንደዚሁ ጠረንን ወደ እንስሳው በማያደርስ በኩል መሆን አለበት። ነፋስ የሚሽከረከርበት ጎድጓዳ ሥፍራ ግን በምንም ጊዜ አይመረጥም።

ይህን መጻፌ አደንን ለማበረታታት አይደለም። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ለመግደል የተማሩትን ጥበብ እኛ ለመጠበቅ ልናውለው እንችላለን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለ ተመዘገበ ጎብኚው እንደሚበዛ ተስፋ አለን። እዚያም ሆነ በሌሎች ፓርኮቻችን የአራዊት መመልከቻ ጎጆ ለመሥራት ሲታሰብ፥ ፕላኑን የሚነድፈውና በጀቱን የሚፈቅደው የቢሮ ሰው ስለ መኪና መንገዱና ስለ እይታው መጠየቁ አይቀርም። ነፋስ ግን በካርታ ላይ አይታይምና የሚያስታውሰው የለም።

«ይህ ጥቃቅን ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጎጆ ነፋሱ ሲለወጥ አብሮ አይዞርም። ያለ ቦታው የተሠራ እንደ ሆነ እንጠብቅሃለን ያልነውን እንስሳ ማለዳ ማለዳ ከግጦሹ ያባርረዋል፤ ጎብኚውም ባዶ ሸለቆ አይቶ ይመለሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ጎጆው ከመሠራቱ በፊት በታሰበው ሥፍራ በእንጨት ላይ ጨርቅ ይታሰርና የነፋሱ አመጣጥ ጧት፥ ቀትርና ማታ አንድ ዓመት ሙሉ በደብተር ይመዝገብ። የአገሩም ሽማግሎች ይጠየቁ። ጎጆው አንድ ብቻ ከሚሆን የማለዳውና የቀትሩ ተለይተው ሁለት ትናንሽ ቢሆኑ ይሻላል። በበኩሌ በትምህርት ቤታችን ግቢ ጨርቁን ሰቅዬ መዝገቡን ለተማሪዎቼ አስረክቤአለሁ፤ ዘንድሮ የነፋስን ትምህርት የጀመርነው ከጥቁር ሰሌዳው ሳይሆን ከደጅ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአሰላ