ቅርንጫፍ መቁጠር ዕድገት መለካት ነው እንዴ?

መቼም በዚህ አገር ቁጥር መስማት ብርቅ አይደለም። ማታ ዜና ስንከፍት የባንክ ቅርንጫፍ ይህን ያህል ደረሰ፣ ተቀማጩ ከአምናው በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ ይባላል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ይጨበጨባል። እኔም ለረጅም ጊዜ «ይበል!» እያልኩ ሳልፍ ኖሬያለሁ። የሠፈሬ እንጀራ አቅራቢ እትዬ የደረሰባቸውን ከነገሩኝ ወዲህ ግን ቁጥሩ ይከነክነኝ ጀመር።

እትዬ በአንድ ባንክ (ስሙ ይቆየን) አሥራ አንድ ዓመት ሲቆጥቡ ኖረዋል። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመጨመር ብድር ጠየቁ። «የቤት ካርታ አለዎት?» ተባሉ። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው፤ ካርታ ከየት ይምጣ? «ልጄ፣ ሳስቀምጥ በስሜ ይጠሩኝ ነበር፤ ብድር ስጠይቅ ማን ነሽ አሉኝ» ነው ያሉኝ። ምጣዱን በመጨረሻ የገዙት በዕቁብ ነው።

ልብ በሉ! እትዬ በዜናው ቁጥር ውስጥ አሉ። እንደ አንድ ሂሳብ ተቆጥረዋል፣ ያስቀመጡት ብርም «በአደገው ተቀማጭ» ውስጥ ተደምሯል። ምጣዱን የገዛላቸው ዕቁብ ግን የትም አልተቆጠረም። ታዲያ የአገሪቱ የገንዘብ ሥርዓት አደገ የምንለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ነገሩን የሚያጠኑ ሰዎች ሚዛን አላጡም። ሬይመንድ ጎልድስሚዝ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የ35 አገሮችን ታሪክ ከ1860 እስከ 1963 ተከታትሎ፣ የፋይናንስ ሀብት ከአገሪቱ ሀብትና ምርት አንጻር ስንት እጅ እንደሆነ ለካ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ተቀማጩን ትተው ብድሩን ማየት ጀመሩ፤ ለመንግሥት የሄደውን ለይተው ለግሉ ሰው የደረሰው ከአገር ውስጥ ምርት ስንት በመቶ ነው ብለው ጠየቁ። ዛሬ ጥልቀት፣ ተደራሽነት፣ ቅልጥፍናና መረጋጋት ለየብቻ ይለካሉ። የእኛ ዜና ግን አንዷን ብቻ መርጦ ይዟል፤ እሷንም በጥሬ ብር።

ጥሬ ብር እንዴት እንደሚያታልል እስቲ በምሳሌ እንየው። ተቀማጩ 100 ብር የነበረ 200 ሆነ እንበል። እሰየው! በዚያው ጊዜ የጤፍ ዋጋ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን 200ው ብር የድሮውን ጤፍ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው የሚገዛው። ይህ ዕድገት ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል። የ2003ን ብርና የ2017ን ብር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ሜትሩን እያሳጠሩ ጨርቅ መለካት ነው።

መነሻ ዓመቱም የራሱ ጨዋታ አለው። የባንክ ታሪካችን በ1898 ዓ.ም. በአቢሲኒያ ባንክ ይጀምራል። በ1967 ደርግ የግል ባንኮችን ወረሰ፤ በ1986 በወጣው አዋጅ የግል ባንክ እንደገና ተፈቀደ። ቆጠራውን ከ1986 የጀመረ ሁሉ ቁልቁል የሚመለከተው ባዶ ሜዳ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢገዛ ግራፉ ሽቅብ ነው። (ገዢዎቻችን ይህችን ዓመት የሚወዷት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።)

ዋናው ነገር ግን የተሰበሰበው ብር ወዴት ሄደ የሚለው ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ከእያንዳንዱ 100 ብር ጋር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ያውም መጀመሪያ ላይ በ3 በመቶ ወለድ፣ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ እየከፈሉ። ንግድ ባንክ ዘንድ ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ከመከማቸቱ የተነሳ በ2017 ዓ.ም. ባንኩን ለመታደግ የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ በፓርላማ ጸደቀ። የእትዬ ተቀማጭ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «አድጓል»። ብድሩን ያገኘው ሌላ ነው!

ፍርደ ገምድል እንዳልባል መልካሙንም ልናገር። የዓለም ባንክ ባደረገው ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን ሂሳብ ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2014 22 ነበሩ፤ በ2017 35፣ በ2022 ደግሞ 46 ደረሱ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የሊስትሮ ልጅ ሳይቀር በስልኩ ይቀበላል። ብሔራዊ ባንክም በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት አውጥቶ፣ ብድሩ በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን ራሱ ተናግሯል። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃልና ሊመሰገን ይገባዋል። ዜናው ግን ይህችን ገጽ ዘሎ ወደ ሪባኑ ሄደ።

ለነገሩ ሕጉም አለ እኮ! በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማሽን ቢሉ ከብት፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የእትዬ ምጣድም የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ የሚቀጣው አበድሮ ብሩ ሳይመለስ ሲቀር እንጂ እምቢ ሲል ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ቁጥር የምታወጡ ሰዎች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። በየሩብ ዓመቱ ሦስት ነገር አሳዩን። ካለፈው ዓመት ብድር ውስጥ ያለ ቤት ካርታ የተሰጠው ስንት ነው? ከመቶ ሺህ ብር በታች የወሰደው ተበዳሪ ስንት ነው? ከእነዚህስ ሴቶቹ ስንት ናቸው? የዋጋ ንረቱን ቀንሳችሁ፣ መነሻ ዓመቱን ሳትቀያይሩ፣ ለአሥር ዓመት በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጡልን። እትዬ ዘንድ ወስጄ አነብላቸዋለሁ፤ ከአሁኑ ሦስተኛ ምጣድ ያስፈልገኛል እያሉ ነው፣ የዕቁቡ ዕጣ ግን ገና አልደረሳቸውም።