ከግርዛት በኋላ ስለ ቁስል አጠባበቅና ስለ አሠሪዎች አማና

በአገራችን ወንድ ልጅን መግረዝ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአባቶቹ የተረከበው ሥርዓት ነው። ክርስቲያኖች ሕፃኑ በተወለደ በ8ኛው ቀን መግረዝን ልማድ ሲያደርጉ፥ በሙስሊሞች ዘንድ ዕድሜው እንደየአካባቢው ይለያያል፤ አንዳንዱ በሕፃንነቱ፥ አንዳንዱም ለትምህርት ከደረሰ በኋላ ይገረዛል። ለግርዛቱ ዕለት ብዙ ይታሰባል፤ ድግስ ይደገሳል፥ ዘመድም ይጠራል። ከዕለቱ በኋላ ስላሉት ቀናት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናመለክተው ስለ እነዚህ ቀናት ነው። ንግግራችን ስለ ወንዶች ልጆች ብቻ ነው፤ ሴት ልጅን መግረዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የሌለው፥ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የተከለከለ ነውና።

ግርዛቱ በደቂቃዎች ይፈጸማል። የሕፃን ቁስል ግን ለመሻር ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈልጋል፤ ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ 2 ወይም 3 ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ አባት ፈቃድ መጠየቅን አፍሮ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከትምህርት መልስ በዘመድ መደብር የሚረዳውም ልጅ ሳይሽርለት ዕቃ እንዲያነሣ ይታዘዛል፤ ቁስሉም ይከፈታል። በቤት የቀሩትም በቅን ልቡና ቅቤ ወይም ዐመድ ያደርጉበታል።

አንዳንዶች «ይህ የቤት ጉዳይ ነው፤ አሠሪን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። በእስልምና ትምህርት አለቅነት አማና፥ ይኸውም አደራ ነው፤ አለቃ የሆነ ሰው በእጁ ስላሉት ሰዎች በፈጣሪው ፊት ይጠየቃል። የሃይማኖቱ ሊቃውንትም ሙያውን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ደንግገዋል፤ ገራዥም ከዚህ ደንብ አይወጣም። በቀድሞ ዘመን በእስልምና ከተሞች ሙሕተሲብ የተባለ ሹም ገበያውን ብቻ ሳይሆን የሐኪሞችንና የዋግምት ባለሙያዎችን ሥራ ይቆጣጠር ነበር። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በአንዳሉስ የኖረው ሐኪም አቡል ቃሲም አል ዘህራዊም ስለ ወንዶች ልጆች ግርዛት በቀዶ ሕክምና መጽሐፉ ጽፏል። እንግዲህ የግርዛትን ጉዳይ በጥንቃቄ መያዝ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሠራተኛውን ጊዜ የሚያዝ አለቃም የልጁን ቁስል ጠባቂ እርሱ ራሱ ከቤት እንዳስቀረው ማወቅ ይገባዋል።

ጥበቃው ከባድ አይደለም። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ይመረጣል፤ አንዱ ምላጭም ለሁለት ልጆች ከቶ አይሆንም። ከፍ ያለው ልጅ የታሰረለትን ፋሻ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ሳያረጥብ ይቈይ፤ ከዚያም ቁስሉ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እየታጠበ በቀስታ ይድረቅ። ሱሪ ከሚያጠብቁበት ሽርጥ ቢያገለድም ይሻላል። ለሕፃን በየጊዜው ጨርቁ ሲለወጥ ቫዝሊን ይቀባለት፤ በቁስሉ ላይ የሚታየው ስስ ቢጫ ሽፋን መግል ስላልሆነ ተፍቆ አይነሣ። የሚነካውም ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ዐመድ፥ ቅቤና ቅጠል አይደረግበት። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራልና። ይህን በሽታ የሚከላከለው ክትባት ለሕፃናት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የሚገረዘውን ሕፃን የሚጠብቀው እናቱ የተከተበችው ነው።

በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ተጭነውት የማይቆም ደም፥ ለ12 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፥ ትኩሳት፥ መግል፥ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት፥ የመንጋጋ መገርገጥ ወይም ሕፃኑ ጡት መጥባት ማቆሙ ከታየ፥ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የመደብርና የፋብሪካ አለቆች ለአባት 2 ወይም 3 ቀን እንዲፈቅዱ፥ ላልሻረ ልጅም ዕቃ እንዳያሸክሙ እንለምናለን። ኢማሞችና ሼኾች ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይህን ለሕዝቡ ቢነግሩ ቃላቸው ከኛ ይልቅ ይሰማል። መምህራንም የተገረዘውን ተማሪ ከስፖርት ያሳርፉት፤ ፊቱ ጠቁሮ ወይም እያነከሰ ቢመጣ ምክንያቱን ይጠይቁት። ልጁ አፍሮ የደበቀውን ሕመም ጠይቆ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ሰው ከተገኘ፥ ሕይወቱ ሊተርፍ ይችላል።