በግቢ ውስጥ ስለሚዘራ ባንጎና ስለ ሕጉ

ሰው በገዛ ግቢው የወደደውን ተክል መትከል ከጥንት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ጤና አዳሙ በደጃፍ፥ በሶብላው ከጓዳ በስተጀርባ፥ ጌሾው ከአጥር ሥር ሲበቅል ከየት አመጣኸው፥ በማን ፈቃድ ተከልኸው ብሎ ባለቤቱን የሚጠይቅ ሹም የለም። ከዚህም ልማድ የተነሣ፥ በሱዳን ባንጎ፥ በሕግ ቋንቋ ካናቢስ የሚባለውን ተክል በጣሳ ወይም በተሰበረ ገንቦ ዘርቶ ለራሱ ለማብቀል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው፥ ነገሩ ከበሶብላው የማይለይ ይመስለዋል። አልሸጥሁም፥ አልለወጥሁም፥ ከቤቴም ደጃፍ አላሳለፍሁም ይላል። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ በብዙ አገር የሚሰማ ስለሆነ፥ ይልቁንም በሰው አገር ተቀምጠው በሰው ሕግ ለሚተዳደሩ ወገኖች የሚያመጣውን ጣጣ መመርመር ተገቢ ነው።

ለዚህም ከካርቱም ሠፈሮች አንዷ የሆነችው ሳጃና ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ሳጃና ከከተማው መካከል በስተደቡብ፥ ከዴም ሠፈር አጠገብ ትገኛለች፤ ስሟም በዐረብኛ የወኅኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ነጋድያን ግን የሚያውቋት በስሟ ትርጉም ሳይሆን በገበያዋ ነው፤ ብረቱ፥ ስሚንቶው፥ ቀለሙና ሌላውም የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥባት ናትና። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዘመን ቡናና ሻይ እየሸጡ፥ በየሰው ቤት እያገለገሉ፥ በየሱቁም ተቀጥረው ሲኖሩ ቆይተዋል። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ከተነሣ በኋላ ግን ሕዝቡ ተበተነ፤ ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎቹ በገላባት በኩል መተማ ገቡ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰው ወደየቤቱ መመለስ ጀምሯል። ቤቱ ሲከፈት ሕጉም ከቤቱ ጋር እንደሚከፈት ማስታወስ ያስፈልጋል።

በካርቱም ያለው የድሀ ቤት አሠራር እንደሚታወቀው፥ ሖሽ በሚባል አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ በየክፍሉ ይቀመጣል፤ በሩ አንድ፥ የውኃው ዚር አንድ፥ ዛፉም አንድ ነው። ከእነዚህ ተከራዮች አንዱ በግድግዳው ጥግ አንድ ጣሳ ቢያስቀምጥ፥ ፖሊስ በገባ ጊዜ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለሁሉም ነው። ዘሪው ዝም ካለ፥ ጣሳው ከማን ክፍል አጠገብ እንደ ተገኘ ይታያል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት፥ ዐረብኛውም የተሰባበረ፥ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የሌለው ተከራይ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጎዳ መሆኑን ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም።

በስውር አበቅለዋለሁ የሚለውም ሐሳብ የተክሉን ጠባይ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ካናቢስ ወንዱና ሴቴው በየራሱ ግንድ የሚበቅል ተክል ነው፤ ዘሩን አይቶ የትኛው ወንድ፥ የትኛው ሴት እንደሚሆን መለየት አይቻልም። ሰው የሚፈልገው የሴቴዋን አበባ ሲሆን፥ ያ አበባ ሲደርስ የሚያወጣው ሽታ ከባድ ነው። የሖሽ ግንብ ዓይንን ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ሽታን አይከለክልም። ኃይሉም እንደ ዘሩ ዓይነትና እንደ አበቃቀሉ ስለሚለያይ፥ ጀማሪው በእጁ ያለውን ነገር ብርታት ሳያውቅ የሚወስድ ይሆናል። ይህም ለወጣቶችና ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ለነካቸው ሰዎች ቀላል አደጋ አይደለም፤ ተክሉን በፈቀዱት አገሮች እንኳ ሕጉ ለአካለ መጠን ላልደረሱት የሚከለክለው ስለዚሁ ነው።

የሱዳን ሕግ በዚህ ነገር እጅግ ጽኑ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1994 የወጣው ስለ አደንዛዥ ዕፆች የተደነገገው ሕግ፥ በንግድ የተገኘውን ሰው እስከ ሞት ለሚደርስ ቅጣት አሳልፎ ይሰጣል። ለዚህ ጽናት ምክንያት የሆነውም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ዳርፉር ራዶም የተባለው አገር፥ በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ የገባ የዱር አራዊት መጠበቂያ ሲሆን፥ ባንጎ በሰፊው የሚዘራበትም እርሱ ነው። ከዚያ የሚመጣው ጭነት ወደ ካርቱምና ከዚያም ወዲያ ሲጓዝ፥ ባለ መሣሪያዎችና ባለ ገንዘቦች የሚጠቀሙበት ትልቅ ንግድ ሆኖ ኖሯል። ሕግ አውጭው ዓይኑን በራዶም ላይ አድርጎ የጻፈው ቃል ግን፥ በሳጃና ጥግ በተቀመጠው ጣሳም ላይ ይወድቃል። መዶሻው የተሠራው ለዐለት ነው፤ የሚመታው ግን እንቁላልንም ነው።

ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ከውጭ አገር የሚሰማው ወሬ ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም። ኡሩጓይ በ2013 ባወጣችው ሕግ በአንድ ቤት 6 ግንድ ፈቀደች፤ ካናዳ በጥቅምት 2018 በአንድ ቤት 4 ግንድ፥ ማልታ በ2021 እንዲሁ 4፥ ጀርመን ደግሞ ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ጎልማሳ 3 ግንድ ፈቅደዋል (እነዚህ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በአፍሪካም የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2018፥ ጎልማሳ ሰው በግል ስፍራ ለራሱ ማብቀሉ ወንጀል ሊሆን አይገባም ብሎ ፈረደ፤ ይህንኑ የሚያጸና ሕግም በ2024 ተፈረመ። ሆኖም ወሬ ነጋሪው የሚተወው ነገር አለ። በካናዳ የፌዴራሉ ሕግ 4 ግንድ ቢፈቅድም፥ የኬቤክ ክፍለ ሀገር በራሱ ሕግ በቤት ውስጥ ማብቀልን ፈጽሞ ከለከለ፤ አንድ ሰው ይህን ተቃውሞ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ቢደርስ፥ ፍርድ ቤቱ በ2023 ክልከላውን አጸናው። በፌዴራሲዮን የሚተዳደር ሕዝብ ይህን ፍርድ በቀላሉ ያስተውለዋል፤ በአንድ ባንዲራ ሥር ባሉ ሁለት ከተሞች መካከል እንኳ የተፈቀደው ነገር የተከለከለ ከሆነ፥ የቶሮንቶ ሕግ በካርቱም ይሠራል ብሎ ማሰብ ምን ያህል የራቀ ነው!

ሁለተኛውም ስሕተት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካናቢስን ፈቀደ የሚለው ነው። በታኅሣሥ 2 ቀን 2020 በቪየና የተቀመጠው የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሲዮን፥ በ27 ድምፅ ድጋፍ፥ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዐቅቦ፥ ካናቢስን በ1961ዱ ውል ከአራተኛው ሠንጠረዥ አውጥቶታል። አራተኛው ሠንጠረዥ እጅግ አደገኛ ናቸው፥ ለሕክምናም የሚሰጡት ጥቅም ትንሽ ነው የተባሉት የሚጻፉበት ነው። ነገር ግን በአንደኛው ሠንጠረዥ እንደ ነበረ ቀርቷል፤ ስለዚህ ቁጥጥሩ አልተነሣም። ለሐኪሞችና ለተመራማሪዎች በር ተከፈተ እንጂ ለግቢ ዘሪ የተጻፈ ፈቃድ የለም። ኢትዮጵያም ሱዳንም የዚህ ውል አባሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ስሞቹ ጥቂት ማለት አላስፈላጊ አይሆንም፤ የሚበዛው ጥፋት ከቃል አለመግባባት ይመጣልና። ሐሺሽ በዐረብኛ ሣር ማለት ሲሆን፥ በሕግና በንግድ ቋንቋ የተክሉን ሙጫ ያመለክታል፤ ባንጎ ግን የደረቀው ቅጠልና አበባ ነው። በአማርኛ ጋዜጦች ደግሞ ካናቢስን ዕፀ ፋሪስ እያሉ መጻፍ ተለምዷል። ይህ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው፤ በባላገር አፍ አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው፥ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውና ፍሬው እሾሃም የሆነው ዳቱራ ነው እንጂ ካናቢስ አይደለም። ዳቱራ ሰውን አስቀባጥሮ የሚገድል መርዝ ነው። አንዱ የሌላውን ስም ይዞ ሲዞር፥ መርዙን ያልታወቀ ቅጠል አድርጎ የሚሞክር ወጣት አይጠፋም፤ በፍርድ ቤትም አስተርጓሚው አንዱን ለሌላው ቢተረጉም የክሱ መሠረት ይናጋል። ስለዚህ በመንግሥት ጽሕፈት ሁሉ ካናቢስ የሚለው የባዕድ ቃል እንዳለ ቢቀር ይሻላል፤ ባዕድ ቢሆንም ትርጉሙ አንድ ነው።

ወደ አገር ቤት የተመለሰ ሰውም ቀላል ሕግ አያገኝም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525፥ አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ የሚያመርተውንም የሚነግደውንም በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተክሉ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው፥ ከላስታው ከተማ የተለየ ከሆነው የላሊበላ ዋሻ በቁፋሮ በተገኙ የሸክላ ጋያ ራሶች ውስጥ የካናቢስ ርዝራዥ መገኘቱን ተመራማሪው ቫን ደር ሜርቬ በ1975 ጽፏል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ዓመት ተገምቷል። በሻሸመኔም፥ በጣልያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የምዕራብ ጥቁሮች ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስታዎች ተክሉን ለአምልኳቸው ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ የዋሻውም ጥንታዊነት፥ የራስታዎቹም ሃይማኖት በሕጉ ውስጥ አንዲት መስመር አላስጻፈም።

ነጋድያንን የሚመለከተው ክፍል አጭር ነው። በቤት ማብቀልን የፈቀዱት አገሮች ሁሉ ከዳር ድንበር ማሳለፍን እንደ ከለከሉ ናቸው። በመተማ መንገድ ሰሊጥ ወይም ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ፥ ረዳቱ ለራሴ ነው ብሎ በመቀመጫ ሥር ያስቀመጠው አንድ ጭብጥ ቅጠል፥ በኬላው ላይ መኪናውንም ጭነቱንም ሊያስይዝበት እንደሚችል አውቆ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ለአስተዳዳሪዎች የሚቀርበው ነገር ግን ሰፋ ያለ ነው። ጣሳ የተገኘበትን ሰውና የጭነት መኪና የተያዘበትን ሰው በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርድን ያከብራል ተብሎ ቢታሰብም፥ ውጤቱ ሌላ ነው። ወኅኒው በድሆች ይሞላል፤ የራዶም ባለ ገንዘብ በዚያ አይገኝም። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ዳኛው የተገኘውን ብዛት፥ ሚዛንና ገንዘብ አብሮ መያዝ አለመያዙን፥ ተከሳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ መሆን አለመሆኑን ጠይቆ መመዝገብ ይችላል። ከዚህም ጋር በሱዳን ላይ የሚጸናው ስለ ሲቪልና ስለ ፖለቲካ መብቶች የተደረገው ዓለም አቀፍ ውል፥ በአንቀጽ 14፥ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ያለ ሲሆን፥ ከአጠገቡ የቆመ እስረኛ ጥቂት ዐረብኛ ስላወቀ ብቻ አስተርጓሚ ቢሆን መብቱ ተፈጸመ አይባልም።

ከፍርድ በፊት ግን ማስታወቂያ ይቀድማል። ሰው ያላነበበውን ሕግ አላውቅም ነበር ቢል መከላከያ አይሆነውም፤ መንግሥት ግን ሕጉን በሚገባው ቋንቋ ለማስነገር የሚያግደው ነገር የለም። የሚያስፈልገው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በዐረብኛ፥ በአማርኛና በትግርኛ ተጽፎ፥ በገላባት ኬላ፥ የመኖሪያ ፈቃድ በሚታደስበት መሥሪያ ቤትና በሳጃና ገበያ መግቢያ ይለጠፍ፤ ባንጎ በግቢ ውስጥ በአንድ ግንድ እንኳ ቢሆን መዝራት የተከለከለ መሆኑን፥ ቅጣቱን ከነአንቀጹ፥ የተያዘ ሰውም አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይግለጽ። ማንበብ ለማይችሉትም፥ ቤት የሚያከራየው ሰው ቁልፉን ሲሰጥ በቃሉ እንዲነግራቸው ይደረግ።